የሸራ ሰፊዋ ገንዳ

የወንድሜ ሚስት ትንሽ ተናግራ ብዙ የምትሠራ ሴት ናት። እኔ ደግሞ ብዙ ተናግሬ ትንሽ ነው የምሠራው። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰው መስመር ሳገናኝ ስለኖርኩ ዝምታ ያፍነኛል። እሷን ግን ከስፌት መኪናዋ ጋር ዘግታችሁባት ብትሄዱ፣ ከነመሄዳችሁም አታውቅም። እኔ «እትዬ» ነው የምላት፤ የታላቅ ወንድሜ ሚስት አይደለች! ሰፈሩ «ሸራ ሰፊዋ» ይላታል። ከዚህ ሌላ መጠሪያ አስፈልጓትም አያውቅ።

የምትሰፋው የከባድ መኪና ሸራ ነው። ያ ጭነት ላይ የሚወጠረው፣ ተጠቅልሎ ሲነሳ ሁለት ጎረምሳ የሚያስቃስተው። ሹፌሮች የተቀደደውን ያመጣሉ፣ አዲስም ያዛሉ። ግቢያቸው ቁልቁለት ነው፤ ብርቱካን ከእጃችሁ ቢያመልጥ የምታገኙት የውጭው በር ሥር ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ብቻ አንድ ደልዳላ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አራት ወፋፍራም የእንጨት ቋሚዎች ተተክለዋል። እትዬ አንድ ሸራ ሰፍታ ስትጨርስ አራቱን ማዕዘን በአራቱ ቋሚዎች ላይ ታስርና መሐሉ ላይ ውሃ ታቁርበታለች። ከዚያ ከሥሩ ትገባለች። ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ስፌቱ ላይ ለጥፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለች ትሄዳለች።

«ዓይን ይሸነግላል፤ መዳፍ አይሸነግልም» ትላለች።

ትንሽ እርጥበት ካገኘች በቃ፣ ስፌቱ ይተረተራል። ባለሸራው ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ «ኧረ መንገዴ ቀረ!» ብሎ ቢጮህ ጆሮዋን አትሰጠውም። ወንድሜም ያገኛት በዚሁ ነው። ያኔ ጎረምሳ ሹፌር ነበር፤ ጭነቱ በር ላይ ቆሞ፣ እሷ ከሸራው ሥር አልወጣ ብላው «ሴትዮ፣ ውጪ እንጂ! ቸኩያለሁ እኮ!» አላት። ከውስጥ ሆና «ከቸኮልክ ያለ ሸራ ሂድ» አለችው። ጋሼ፣ ወንድሜን እንዲህ ነው የምለው፣ ይህን ሲያወራ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሄድኩ። ግን የት ልደርስ? ተመለስኩ» ይልና ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሳቅ ይስቃል።

ይስቅ ነበር ልበል እንጂ።

ጋሼን ከመሪው ላይ ያወረደው ግማሽ ጎኑን የመታው ሕመም ነው። ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለ፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ አስቀምጠው የረሱት ዕቃ ሆነ፣ ምላሱም ከበደ። ያ ስንቱን ዳገት በጭነት የወጣ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር ሁለት ሴት ፈለገ። እኔም ጥቂት ቀን ላግዝ ብዬ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። እውነቴን ነው፣ እኔን የገደለኝ ክብደቱ አይደለም፤ አለመሳቁ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ጋሼ፣ እግርህን እናንቀሳቅስ» ስንለው ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላ ወንድም የለኝም፤ ሲጨፍን በጣም እፈራ ነበር።

እግሩን የምታሠራው ባለሙያ ናት ነገሩን ያመጣችው። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። አንድ ቀን እትዬን ወደ ጎን ወሰደችና «ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቢቆም ውሃው ይሸከመዋል» አለቻት። «መሬት ላይ እንቢ ያለ እግር ውሃ ውስጥ እሺ ሊል ይችላል። ግን አሁን ነው፣ እትዬ። እግሩ ሥራውን ጨርሶ ሳይረሳ።»

ክሊኒካቸው ለዚህ የሚሆን ገንዳ ነበረው፤ ተበላሽቶ ተዘግቷል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። «ቤት የሚቆም አለ» አለች። መሬት አይቆፈር፣ ሲሚንቶ አይፈስስ። ብረቱ ይገጣጠማል፣ ወፍራም ላስቲክ ይወጠርበታል፣ ውሃ ይሞላል፤ መሬት ላይ ብድግ ብሎ የሚቆም የመዋኛ ገንዳ።

«ኧረ ጉድ በል!» አልኩ እኔ። «መዋኛ ገንዳ? እኛ ቤት? መዋኘት የሚችል አንድ ሰው በሌለበት ቤት?»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ግዙ ይላል፣ አንዱ አብዳችኋል ይላል። የገንዘቡን ነገር ተዉት፤ የጋሼ መኪና ተሸጦ ስለነበር ለዚያ አላነሰንም። እኔን የያዘኝ ፍርሃት ነው። ግማሽ ጎኑ የማይሠራ ሰው ውሃ ውስጥ ቢንሸራተት ማን ሊያወጣው ነው? እኔ? እኔ ገላዬን ስታጠብ እንኳ ቧንቧውን ይዤ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አልኩ፤ ጠዋት አልኩ፣ ማታ አልኩ፣ ሰው ሲሰለቸኝ ለራሴ አልኩ።

እትዬ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ጫማ አደረገችና «ተነሺ፣ እንየው» አለችኝ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ብዬ ተከተልኳት። እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ አይታ ትተወዋለች ብዬ ነው።

ሱቁ ሰፊ አዳራሽ ነው። ገንዳው መሐል ላይ ውሃ ሞልቶ ቆሟል፤ ሰማያዊ፣ በጎኑ መሰላል የተደገፈበት፣ ከፍታው ደረቴ ድረስ። ለማሾፍ የመጣሁት ሴትዮ አፌ ተያዘ፤ እኔን ለሚያውቅ ይህ ራሱ ተአምር ነው። ወንዝ አይቻለሁ፣ ሐይቅ አይቻለሁ። እነዚያ ግን መሬት አቅፏቸው የተኙ ናቸው። ይህኛው ቆሟል። ያን ሁሉ ውሃ፣ ልሂድ ልሂድ የሚለውን ውሃ፣ አንድ ስስ ነገርና ጥቂት ብረት «ቁም» ብለውት ቆሟል። የጣሪያው መብራት ውስጡ ገብቶ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ ቀረብ ብላ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ዓይኗን ጨፈነች።

ሻጩ እየሮጠ መጣ። «እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ዝም በል» አልኩት። «እያዳመጠች ነው።»

ግራ ገባው። ሙቀቱን ሊያሳየን መሰለኝ፣ በወዲያኛው በኩል ዞረና ውሃውን በእጁ መታ መታ አደረገ። እትዬ ዓይኗን ገለጠች።

«ነካኸው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«እዚህ ደረሰ» አለች፣ መዳፏን እያየች።

ከዚያ ሻጩ የሚጠየቀውን ጠየቀን። «ደልዳላ ቦታ አላችሁ? ይሄ ዕቃ ትንሽ ቁልቁለት እንኳ አይወድም። ካዘነበለ ውሃው ሁሉ ባንድ ጎን ይገፋና አይቻልም።»

እትዬ «አለን» አለችው። የቱን ቦታ እንደምትል ለእኔ ገብቶኛል። ግቢው ውስጥ ደልዳላው ቦታ አንድ ነው፤ አራቱ ቋሚዎች ያሉበት። እነሱ ከተነቀሉ ሸራ የምትፈትንበት የለም፤ ሳትፈትን ደግሞ አንድ ሸራ ከዚያ ግቢ አውጥታ አታውቅም። የባሏ እግር ወይ የራሷ እጅ፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ቤት ስንደርስ ጋሼ አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «አል… ፈልግም» አለ።

«ይኸው!» አልኩ ብድግ ብዬ። «ባለቤቱ አልፈልግም ብሏል፤ አለቀ!»

«ውሃውን ፈርተህ ነው?» አለችው እትዬ።

ዓይኑን ጨፈነ።

አለቀ ባልኩ በማግስቱ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብወጣ እትዬ እስከዛሬ ያላየሁትን ትልቅ ሸራ ዘርግታ ተቀምጣለች። ማንም አላዘዘውም። «ሳልፈትን አልገዛም» አለች ቀና ሳትል። «ሳልፈትንም አልተውም። ውሃው እውነት የሚሸከመው ከሆነ በዓይናችን እንየው።»

ስፌቱን ደርባ ሰፋችው፣ ክሩን በሰም አሸች። ሸራውን ደልዳላው ቦታ ላይ አነጠፈች፣ ጎን ጎኑን ወደ ላይ አነሳችና በገመድ ከአራቱ ቋሚዎች ጋር አሰረችው። ወገብ የሚደርስ ሳጥን የመሰለ ነገር ሆነ። ውሃውን ያመጣው የጋሼ የድሮ ባልደረባ ነው፤ የውሃ ቦቴ ይነዳል፣ እኛም ቦቴ ነው የምንለው፣ በመኪናውም በሆዱም። ጋሼ ውሃው ሲበርደው እንዳይደነግጥ ብሎ መኪናውን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አቁሞ ውሏል።

«አለቃ» አለ ጋሼን እያቀፈ፣ «ዛሬ ጭነቴ ላንተ ነው።»

ጋሼን ከነወንበሩ ተሸክመን ባዶው ሸራ ውስጥ አስቀመጥነው። እትዬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ ቀሚሳችንን ጠቅልለን። እኔ መጮህ የጀመርኩት ገና ውሃው ሳይከፈት ነው። ጋሼ ደህናውን እጁን አንስቶ ወደ ቋሚዎቹ ጠቆመ። «ጭ… ነት» አለ።

«አዎ ጋሼዬ፣ ትጭናለህ፣ ገና ትጭናለህ» አልኩት፤ ሆዴ ባብቶ።

«ጭነት!» አለ ተቆጥቶ። እትዬ ትከሻውን ዳበሰችው። ስፌቱን ዞራ ዞራ አንድ በአንድ አይታዋለች፤ ቋሚዎቹን ግን ቀና ብላ አላየቻቸውም። ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃን የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ያፈሳል ወይስ አያፈስም?

ቦቴ ውሃውን ለቀቀው። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት። ለብ ያለ ውሃ ነው። ወንበሩ ተዋጠ፣ የጋሼ ጭን ተዋጠ። ያኔ ያን ነገር አየሁ። ቀኝ እጁ፣ ያ ከስንት ጊዜ ጀምሮ በድን ሆኖ የኖረው እጅ፣ ከጭኑ ላይ ተነሳ። ማንም ሳያነሳው ተነሳ። ውሃው ላይ ወጣና ጣቶቹን ዘርግቶ ተንሳፈፈ። ጋሼ የሰው እጅ እንደሚያይ አየው። ቦቴ ውሃውን ዘጋ። እኔ አልጮህኩም።

«ልቀቂኝ» አለ ጋሼ።

እትዬ ክንዱን ይዛለች። ከታመመ ጀምሮ ስትይዘው ነው የኖረችው፤ እንዴት እንደሚለቀቅ ረስታዋለች መሰለኝ።

«ልቀቂኝ እኮ ነው የምልሽ!»

ምላሱ አልተያዘም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እትዬ ለቀቀችው፣ እኔም እጄን ሰበሰብኩ። ጋሼ በደህናው እጁ ወንበሩን ተመርኩዞ ተነሳ። ብቻውን። ወንድሜ ቆመ! ውሃው ከዚህም ከዚያም ደግፎት፣ ትንሽ እየተወዛወዘ፣ ሁላችንንም ከላይ ወደ ታች አየን። ያን ያህል ረጅም መሆኑን ረስቼው ነበር። የሰማይ ያለህ! እኛ ሁለታችን እያቃሰትን የምናነሳውን ሰው፣ እጅ የሌለው፣ አጥንት የሌለው፣ ብትጨብጡት የሚያመልጥ ነገር አቅፎ አቆመው።

ያኔ ነው «ቋ!» ያለው።

ወደ በሩ ያለው ቋሚ ከሥሩ ተነቀለ። ሁለተኛው ተከተለ። ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ መንገድ አገኘ። እኔ የማስታውሰው እግሬን ከራሴ በላይ ማየቴን ነው። ሸራው፣ ወንበሩ፣ እትዬ፣ እኔ፣ ጋሼ፣ ሁላችንም ቁልቁለቱን ይዘን ወረድን። የውጭው በር ባያቆመን ኖሮ ገበያ ነበር የምንደርሰው።

ከዚያ ጸጥ አለ። አንድ ጫማዬ የለም፣ ጭቃ አፌ ውስጥ ገብቷል። «ወንድሜን ገደልነው» ብዬ አሰብኩ፤ አንገቴን ማዞር አቃተኝ።

ድምፁን የሰማሁት ከኋላዬ ነው። መጀመሪያ ያቃሰተ መሰለኝ። ጋሼ ሸራው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ይስቃል። ያ ሳቁ ነው። ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማው ራሱ። ቦቴ ከላይ እየሮጠ መጥቶ ሲያየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ስል የከረምኩት እኔም፣ ጭቃዬን እየተፋሁ አብሬው ሳቅኩ።

«ጭነት… አልኳችሁ!» አለ ጋሼ፣ በደህናው እጁ የወደቁትን ቋሚዎች እያሳየ። «ጭነቱን… አይችልም… አልኳችሁ!»

ለካስ ሲነግረን ኖሯል! ክብደት የሚያውቅ ሰው በቤቱ ቢኖር እሱ ነው፤ እኛ ግን እንደ ሕፃን አባብለነዋል። እትዬ በጭቃው ላይ እየዳኸች አጠገቡ ደረሰች።

«ስፌቱን እንጂ ቋሚውን አላየሁም» አለችው። «አንተንም አልሰማሁህም። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ልጠይቅህ፣ ይገዛ?»

ሳቁ ቆመ። ወደ ላይ፣ ወደ ደልዳላው ቦታ አየ። አንዱ ቋሚ ተጋድሟል፣ አንዱ ተጣሟል፣ አንዱ ተሰብሯል፣ አንዱ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ቦታሽ…» አለ። «ቦታሽ ነው እኮ።»

ያ «አልፈልግም» ለካ ስለ ውሃ አልነበረም። እኛ ፈራ ስንል እሱ ለሷ እጅ ሲከራከር ነው የከረመው፤ በዚያች በተሳሰረች ምላሱ።

እትዬ ተነሳች። ቀሚሷ ውሃ እያፈሰሰ ቁልቁለቱን ወጣች። ያን የቀረውን ቋሚ አቀፈችው፣ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው፣ መሬቱ ርሶ ስለነበር ብዙም አላስቸገራት። ነቀለችና ወደ አጥሩ ወረወረችው።

«የምን ቦታ?» አለች ወደ ታች እየጮኸች። እትዬ ስትጮህ ያን ቀን ነው የሰማኋት። «ይኸው ባዶ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ምክንያት ካለህ ተናገር!»

ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ገንዳው መጣ። ሊገጥሙት የመጡት ሰዎች ልክ እንደ ሹፌሮቹ ቆመው ጠበቋት፤ ስፌቱን ሁሉ በመዳፏ ሳትዞር ውሃ አይገባም ብላለች። የብረቱንም እግር፣ አሁን ተምራ፣ እያንዳንዱን በክንዷ ነቅንቃለች። የሸራውስ ፈተና? እሱንም አገኘችለት። ድሮ ውሃውን ሸራው ውስጥ ታደርግ ነበር፤ አሁን ሸራውን ውሃው ውስጥ ታደርገዋለች። አጥባ፣ ጠርዙን ወደ ላይ ይዛ ገንዳው ላይ ታሳርፈዋለች፣ ከላይ ጎንበስ ብላ የሸራውን ሆድ ከውስጥ በኩል ትዳብሳለች። ደረቅ ከሆነ አልፏል። ሹፌሮቹ «ጀልባ ልትሠሪልን ነው ወይ?» እያሉ ያሾፋሉ፤ ሸራቸውን ግን ሌላ ቤት አይወስዱም።

ያች ወጣት ባለሙያ እየመጣች ከጋሼ ጋር ውሃ ውስጥ ትገባለች። እኔ መሰላሉ ላይ እቀመጣለሁ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቻለሁ፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። እትዬ አንድ ቀን እንኳ አልገባችም፣ ቆማም ማየት አልሆነላትም። ከውጭ ሆና መዳፏን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጋሼ ሲራመድ ውሃው ይገፋል፤ የገፋው ውሃ እጇ ላይ ይደርሳል።

«ግራ» ትላለች።

ከዚያ ምንም የለም። ቀኙ እየተጎተተ ነው የሚመጣው፤ የሚጎተት እግር ውሃ አይገፋም። «ግራ» ትላለች እንደገና። ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ «ግራ»። እንዲህ ሆኖ ከረመ። እጁ ውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ ወገቡ ቀጥ ሲል፣ ምላሱ ሲፈታ እያየን፣ ቀኝ እግሩ ግን ያው ነበር። ባለሙያዋ በትዕግሥት «ይመጣል» ትላለች። እኔ ሳልናገር ተስፋ ቆርጬ ነበር። እትዬ የያዘችውን ስፌት እየጣለች በየቀኑ መጥታ ትቆማለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የታጠበ ልብስ መሰላሉ ላይ ዘርግቼ ከባለሙያዋ ጋር ስለማይረባ ነገር አወራለሁ፤ እሷም እየሳቀችልኝ የጋሼን ክንድ ይዛለች።

«ግራ» አለች እትዬ ከውጭ።

የሚቀጥለው «ግራ» ዘገየ። ዞር ብዬ አየኋት። መዳፏ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ፣ ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው፣ እንባዋ ግን ወርዷል።

«ቀኝ» አለች።

ባለሙያዋ ወደ ውሃው ጎንበስ አለች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኛ እዚያው አጠገቡ ሆነን አላየንም። ጋሼ መሐል ላይ ቆሞ፣ ፊቱን እትዬ ወዳለችበት ግድግዳ አዞረ።

«ደረሰሽ?» አላት።

«ደረሰኝ» አለችው።